በረሃና የባሕር ዳርቻ በአንድ ሻንጣ፦ የትኛውን እንያዝ?

በረሃንና የባሕር ዳርቻን በአንድ ጉዞ ለማየት የተነሣ ሰው ሻንጣውን ሲያሰናዳ መጀመሪያ የሚታወሰው ሙቀት ነው። ሁለቱም ስፍራ ይሞቃል፤ እንግዲያው ስስ ልብስ፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ከዚያ ዚፑን መዝጋት። እንዲህ የተሰናዳ ሻንጣ ከሁለቱ በአንዱ ስፍራ ባለቤቱን ማሳፈሩ አይቀርም። በረሃውንና ዳርቻውን አጥብቆ የሚለያቸው የአየሩ እርጥበት ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ዕቃ አንሥተን ልንጠይቅ የሚገባው «ይህ ሲረጥብ ምን ይሆናል? ለመድረቅስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?» ብለን ነው።

የነገሩ ሥር ላብ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ሰውነት በሙቅ አየር ውስጥ ከዚህ የተሻለ ማቀዝቀዣ የለውም። በደረቅ በረሃ ላቡ ገና ሳይታይ ስለሚተን ማቀዝቀዣው በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፤ አደጋው ምን ያህል ውኃ እንዳጣን ሳናውቀው መዋላችን ነው። እርጥበት በበዛበት ዳርቻ ግን ላቡ ይንቆረቆራል እንጂ አይተንም። ልብስን ያርሳል፣ ሰውነትን አያበርድም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 በሳዑዲ ዓረቢያ የባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በምትገኘው ዳህራን የጤዛ ነጥቡ፣ ማለትም አየሩ ቀዝቅዞ እርጥበቱ ጤዛ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት፣ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ተመዝግቧል። የቆዳችን ሙቀትም ከዚያ ብዙ ስለማይርቅ፣ በዚያች ሰዓት ላብ የሚተንበት አየር አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዳህራን በስተ ምዕራብ ያለው ምድር ደግሞ ደረቅ በረሃ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የጥቂት ሰዓት የመኪና መንገድ ብቻ ነው።

ዳርቻ ሁሉ ሞቃት ነው ብላችሁም አትነሡ። በደቡብ ምዕራብ አፍሪካው የናሚብ በረሃ ዳርቻ ቀዝቃዛው የቤንጉዌላ የባሕር ጅረት፣ በደቡብ አሜሪካው የአታካማ በረሃ ዳርቻ ደግሞ የሃምቦልት ጅረት አየሩን ያቀዘቅዙታል። ጉም ከባሕሩ እየተነሣ ወደ በረሃው ይገባል፤ ወደ ውስጥ ገባ ያለው ምድር በፀሐይ ሲነድ በባሕሩ አፋፍ ያለ ሰው ጃኬት ለብሶ ይውላል። ስለዚህ የአየር ትንበያ ስታዩ የሙቀቱን ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፤ የጤዛ ነጥቡንም ተመልከቱ። ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ አየሩ ደረቅ ነው፤ ከ24 በላይ ከሆነ የሚያፍን ነው። ከዚህ በታች «በረሃ» እና «ዳርቻ» ስል፣ ደረቅና እርጥብ አየር ማለቴ ነው።

ልብስ፦ ጥጥ፣ ሰው ሠራሽ ክር ወይስ ስስ ሱፍ?

ተራራ ወጪዎች ጥጥን ይኮንኑታል፤ በብርድ አገር እውነታቸውን ነው። በበረሃ ቀን ግን ጥጥ የተኮነነበት ጠባዩ በጎ ይሆናል። ውኃ ይዞ ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ይተናል፣ እስኪደርቅም ድረስ ያበርዳል። ሸሚዛችሁን ውኃ ነክራችሁ ብትለብሱት ጥሩ ማቀዝቀዣ ነው። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ግን መለወጥ አለበት፤ የረጠበ ጥጥ ለብሶ የበረሃ ምሽት የሚቀበል ሰው ይንቀጠቀጣል። በዳርቻ ያ ጥጥ ጠላት ነው። ጠዋት የረጠበ ማታም እንደረጠበ ነው፤ ብብትና ጭን ይፈትጋል፣ በሦስተኛው ቀን ይሸታል፣ ከዚያ ይሻግታል።

ፖሊስተርና ናይለን የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ውኃ እምብዛም አይጠጡም፣ ቶሎ ይደርቃሉ፣ ለዳርቻ ይስማማሉ። ነውራቸው ሽታ ነው፤ አንድ ቀን ከዋሉ ጓደኛ ያርቃሉ። ስስ የሜሪኖ ሱፍ የራሱን ክብደት ሢሶ የሚያህል እርጥበት ውጦ እንኳ ሲነኩት ደረቅ ይመስላል፣ ለብዙ ቀን ሳይሸት ይለበሳል፣ የበረሃ ምሽትንም ይችላል። ውድ ነው፤ ስስ ሆኖ ሲሠራም የቦርሳ ማንገቻ ትከሻውን ቶሎ ይበላዋል። ከተልባ ክር የተሠራ ጨርቅ አየር በማሳለፍ ከጥጥ ይሻላል፣ ከጥጥም ቶሎ ይደርቃል፤ ሲጨማደድ ለሚናደድ ሰው ግን አይሆንም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ የጉዞው ብዙ ቀን በዳርቻ ከሆነ ሰው ሠራሽ ክር ወይም ሱፍ ብቻ ያዙ። ብዙው በረሃ ከሆነ አንድ ሰፊ የጥጥ ወይም የተልባ ሸሚዝ ጨምሩበት። የውስጥ ሱሪና ካልሲ ላይ ግን ድርድር የለም። በሁለቱም ስፍራ ጥጥ አይሁን።

ነጭ ወይስ ጥቁር? ብዙ ሰው ነጭ ብሎ ይቸኩላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት በበረሃ ሰፊ ጥቁር ቀሚስ የለበሰና ሰፊ ነጭ ቀሚስ የለበሰ ሰው ገላው ላይ የሚደርሰው ሙቀት እኩል ሆኖ አግኝቶታል። ጥቁሩ የሚስበው ተጨማሪ ሙቀት ቆዳ ላይ ሳይደርስ ከጨርቁ ይወጣል፤ በልብሱና በገላው መካከል አየር እስከተዘዋወረ ድረስ። እንግዲህ ጠባብ ነጭና ሰፊ ጥቁር ቀርቦላችሁ ምረጡ ብትባሉ ሰፊውን ውሰዱ። ሰፊ ነጭ ካለማ ክርክሩ አበቃ። የሽመናው ጥግግትም ከቀለም ያላነሰ ነገር ነው። ተራ ነጭ የጥጥ ካናቴራ ከጎጂው ጨረር የመከላከል ደረጃው ወደ 7 ገደማ ሲሆን፣ ሲረጥብ ወደ 3 ይወርዳል። ደረጃ 50 የተጻፈበት ልብስ የሚያሳልፈው ከ50 እጅ አንዱን ነው። በባሕር ውስጥ ካናቴራ ለብሶ የሚዋኝ ሰው ትከሻው ለምን እንደተቃጠለ የሚገባው ይህን ሲያውቅ ነው።

ስንት ቅያሬ ይበቃል የሚለው ላይ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው። በበረሃ አቧራውን ፈርቶ ልብስ ያበዛል፣ ለዳርቻ ያሳንሳል። በደረቅ አየር የታጠበ ሸሚዝ በአንድ ሁለት ሰዓት ይደርቃል፤ ሁለት ቅያሬ ይበቃል። በዳርቻ ሌሊቱን ሙሉ ተሰጥቶ ጠዋት ገና እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ሦስት አራት ያስፈልጋል። በባሕር ውኃ የራሰ ልብስ ደግሞ በንጹሕ ውኃ ካልታጠበ ጨርሶ አይደርቅም፤ በክሩ ውስጥ የቀረው ጨው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ያረጥበዋል።

ለሌሊት፦ ላባ፣ ሰው ሠራሽ ሙሌት ወይስ ድርብርብ?

ደረቅ አሸዋ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይበርዳል። ውኃ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ፣ ኪሎ በኪሎ ሲመዘን፣ ደረቅ አሸዋ ከሚያስፈልገው አራትና አምስት እጥፍ የሚሆን ሙቀት ይፈልጋል። የባሕር ዳር ሌሊት ከቀኑ ብዙ የማይርቀውም፣ በበረሃ በቀንና በሌሊት መካከል የ20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ልዩነት የሚታየውም በዚህና በአየሩ ድርቀት ነው። በብርዱ ወራት አንዳንድ በረሃ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል።

በላባ የተሞላ የመኝታ ከረጢት ቀላል ነው፣ ሲታጠፍ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ለደረቅ ብርድ ወደር የለውም። ጉም የሚገባበት ዳርቻ ላይ ግን ላባው ይረጥብና ይሟሽሻል፤ ከተሟሸሸ አያሞቅም፣ ለማድረቅም ቀናት ይፈጃል። ሰው ሠራሽ ሙሌት ይከብዳል፣ ቦታም ይይዛል፤ ረጥቦ ግን ሙቀቱን በሙሉ አይጥልም።

ለተቀላቀለ ጉዞ ከሁለቱም አንድ ወፍራም ከረጢት መያዝ ትርፉ አይታየኝም። ስስ ሰው ሠራሽ ከረጢት፣ የውስጥ አንሶላ ከረጢት፣ አንድ የሚሞቅ ጃኬት ያዙ። በበረሃ ሌሊት ሦስቱም አብረው ያገለግላሉ። በሞቃት ዳርቻ አንሶላው ብቻ ይበቃል። ጃኬቱም ጠዋት ተለብሶ ይወጣል፤ ከከረጢት ይልቅ ጃኬትን የሚያስወድደኝ ይህ ነው። ዝናብ መከላከያና ነፋስ መከላከያ ጃኬት ከቀረቡላችሁ፣ የዝናብ ወራት ካልሆነ በቀር ነፋስ መከላከያውን ውሰዱ። አሸዋም ሆነ የባሕር ጤዛ የሚመጣው በነፋስ ነው፤ የዝናቡ ጃኬት ግን በሙቀት ውስጥ ላባችሁን አፍኖ ከውስጥ ያረጥባችኋል።

ድንኳን የሚይዝ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ። ውስጡ በሙሉ ወንፊት የሆነ ድንኳን በዳርቻ ደስ ይላል፣ በበረሃ ነፋስ ሲነሣ ግን አቧራው ፊት ላይ ይነጠፋል። ድፍን ጨርቅ የሆነው በዳርቻ ከውስጥ ያልባል። የታችኛው ግማሹ ድፍን፣ የላዩ ወንፊት የሆነ ባለ ሁለት ድርብ ድንኳን መካከለኛው መንገድ ነው። ፖሊስተር ፀሐይን ከናይለን ይልቅ ይችላል፣ ሲረጥብም አይረግብም። ቀጭን ካስማ በሁለቱም ስፍራ አይረባም። አሸዋ የተሞላ ከረጢት ገመድ አስራችሁ ቅበሩ፤ ያ አይነቀልም።

ጫማ

እኩለ ቀን ላይ የአሸዋ ገጽ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ በባዶ እግር የሚሮጥበት አይደለም። ረጅም የቆዳ ቦት እሾህንና ጊንጥን ይከላከላል፣ አሸዋም አያስገባም፣ ነገር ግን አንዴ በጨው ውኃ ከራሰ እንደ እንጨት ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ወንፊታማ የሩጫ ጫማ ቶሎ ይደርቃል፤ በበረሃ ግን በየግማሽ ሰዓቱ ቁጭ ብሎ አሸዋ ማራገፍ ነው። ማሰሪያ ያለው ሰንደል ለዳርቻው ድንጋይና ለጀልባ ተስማሚ ነው፣ በቁጥቋጦ መካከል ለመሄድ አይሆንም።

አንድ ጥንድ ብቻ ይዤ ልሂድ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አልስማማም። ሁለት ጥንድ፦ ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ፣ ቆዳ ያልሆነ አጭር ሽፍን ጫማ፤ ከእርሱም ጋር ጠንካራ ሶል ያለው ባለ ማሰሪያ ሰንደል። በጫማው አፍ ላይ የምትታሰር ቀላል የቁርጭምጭሚት መሸፈኛ አሸዋውን ታስቀራለች፤ ጫማውን ከረጅም ቦት ጋር የምታስተካክለው እርሷ ናት። የጣት ማንጠልጠያ ያለው ነጠላ ጫማ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ነው፤ በባሕር ውስጥ ከእግር ይወልቃል፣ ባሕር ውስጥ ያለውን እሾሃም ፍጥረት የምትረግጡትም ያኔ ነው። ጠዋት ጠዋት ጫማ ከማጥለቅ በፊት ገልብጦ ማራገፍ በበረሃ ግዴታ ነው።

ውኃ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ከሻንጣው ዕቃ ሁሉ ሕይወት የሚወስነው ይህ ነው። በሙቀት ውስጥ እየሠራ ወይም እየተጓዘ ያለ ሰው በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ሊያልበው ይችላል። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። በእግር የሚሄድ ሰው የሁለት ቀን ውኃ መሸከም እንደማይችል ከዚህ ማስላት ቀላል ነው፤ መንገዱ የሚወጣው የውኃ መሙያ ስፍራዎችን ተከትሎ ነው።

ማጠራቀሚያው ላይ ሦስት ምርጫ አለ። በጀርባ ተይዞ በቱቦ የሚጠጣበት ከረጢት እየሄዱ ለመጠጣት ያመቻል፤ ሰው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እንዲጠጣም ያደርጋል። ግን ምን ያህል እንደቀረ አይታይም፣ መጥቢያው አሸዋ ይይዛል፣ በእርጥብ አየር ቱቦው ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። ኮዳ ወይም ጠርሙስ ይታያል፣ ይለካል፣ ይታጠባል። በመኪና ለሚጓዝ ሰው ጀሪካን የግድ ነው፤ ሆኖም አንድ ባለ 20 ሊትር ከመያዝ ሁለት ባለ 10 ሊትር ይሻላል። አንዱ ቢቀደድ ጉዞው ይቀጥላል። እኔ ከከረጢቱ ጠርሙሱን እመርጣለሁ፤ በበረሃ የቀረን ውኃ በዓይን ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ሙቀት የሚከላከል ድርብ የብረት ጠርሙስስ? ለዳርቻ አዎ፣ ለበረሃ ባይኖርም ይቻላል። በደረቅ አየር ተራውን ኮዳ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በጥላ ነፋስ ላይ ማንጠልጠል ውኃውን ያቀዘቅዘዋል። ይህ ዘዴ እርጥብ ዳርቻ ላይ አይሠራም፤ ጨርቁ እንደረጠበ ይውላል፣ ውኃውም እንደሞቀ።

ማጣሪያን ከማከሚያ ክኒን ጋር የምታወዳድሩ ከሆነ፣ ብዙ ሰው የሚይዘው ቀዳዳው 0.1 ወይም 0.2 ማይክሮን የሆነው ቱቦአማ ማጣሪያ ባክቴሪያንና ጥገኛ ተሕዋስያንን ያስቀራል፣ ቫይረስን ግን አያስቀርም። አንዴ ከረጠበ በኋላ በበረዶ ከተመታ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ መሰንጠቁ ደግሞ በዓይን አይታይም። ስለዚህ በበረሃ ብርድ ሌሊት ማጣሪያው ከእናንተ ጋር በመኝታ ከረጢት ውስጥ ይደር። የክሎሪን ዳይኦክሳይድ ክኒን ቫይረስንም ይገድላል፣ ክብደትም የለውም፤ ግን መታገሥን ይጠይቃል፣ ለጠንካራዎቹ ተሕዋስያን እስከ 4 ሰዓት። ውኃው ደፍራሽ ከሆነም ክኒኑ ይደክማል። ማጣሪያውን ይዞ ክኒኑን በመጠባበቂያነት መጨመር ይሻላል። የባሕርን ውኃ ግን ሁለቱም አያጣፍጡትም፣ ማፍላትም አያጣፍጠውም። በሊትር ወደ 35 ግራም ጨው አለበት፤ ኩላሊት ያንን ጨው ለማስወገድ ከተጠጣው በላይ ውኃ ያወጣል።

ከውኃው ጋር ኦአርኤስ የሚባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በፓኮ ያዙ። ላብ ጨው ይዞ ስለሚወጣ፣ ለሰዓታት እያላበው ውኃ ብቻ በብዛት የሚጠጣ ሰው የደሙ ጨው ቀጥኖ ሊታመም ይችላል። ፓኮው ካለቀ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይተካዋል።

ፀሐይ

ደረጃ 30 ወይስ 50? ልዩነቱ ሰዎች እንደሚያስቡት አይደለም። 30 የተጻፈበት ክሬም ቆዳን የሚያቃጥለውን ጨረር 97 በመቶ ገደማ ያስቀራል፣ 50 ደግሞ 98። ዋናው መጠኑ ነው። ለአዋቂ ሰው ሙሉ ገላ በአንድ ጊዜ ወደ 30 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፣ በየሁለት ሰዓቱና ከዋና በኋላም ይደገማል። በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች በእጅ ሻንጣ የሚፈቀደው የ100 ሚሊ ሊትር ቱቦ እንግዲህ ሦስት ቅባት ብቻ ነው። እጅጌው ረጅም ልብስ እዚህ ላይ ከክሬም ይበልጣል፤ ቅባቱን ለፊት፣ ለእጅና ለአንገት አቆዩት።

በሚረጭና በሚቀባ መካከል የሚቀባውን ምረጡ። ነፋስ ባለበት ስፍራ የሚረጨው ግማሹ ለነፋስ ነው፣ ቆርቆሮውም በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ የሚተው ነገር አይደለም። ኮራል ያለበት ባሕር የምትገቡ ከሆነ ኮራልን ይጎዳሉ የሚባሉ ሁለት የክሬም ኬሚካሎችን ልብ በሉ፤ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት። የፓስፊክ ደሴት አገር የሆነችው ፓላው እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ እነዚህ ያሉባቸውን ክሬሞች ከልክላለች፤ ሃዋይም ከ2021 ጀምሮ ሽያጫቸውን አግዳለች። የዚንክ ኦክሳይድ ክሬም ፊትን ነጭ ያደርጋል እንጂ በዚህ አያስጠይቅም።

ጥላም ሙሉ መሸሸጊያ አይደለም። ደረቅ አሸዋ ከሚወርድበት ጨረር 15 በመቶ ያህሉን፣ የባሕር አረፋ ደግሞ 25 በመቶውን ወደ ላይ ይመልሳል። የቤዝቦል ኮፍያ ለዚህ አይበቃም፤ ክንፉ ዙሪያውን ሰባት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ የአገጭ ገመድ ያለው ባርኔጣ ይሁን። ገመድ የሌለው የባሕሩ ነው።

መነጽር ላይ የውኃን ነጸብራቅ የሚቆርጠው ፖላራይዝድ ሌንስ ለዳርቻ ታላቅ እረፍት ነው። በበረሃ ግን ከሌንሱ ይልቅ ቅርጹ ይበልጣል፤ ጎኑ ድረስ የሚከብ ይሁን፣ አቧራው የሚገባው በጎን ነው። ፖላራይዝድ ሌንስ አንዳንድ የስልክና የመኪና ስክሪኖችን እንደሚያጨልም ሳትገዙ በፊት ሞክሩት። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው ለአቧራው ቀን መነጽሩን አይርሳ።

ትንኝና የአሸዋ ዝንብ

ዲኢኢቲ ወይስ ፒካሪዲን? ሁለቱም ቆዳ ላይ የሚቀቡ ትንኝ መከላከያዎች ናቸው፤ በበቂ መጠን ሲቀቡም ይሠራሉ። ዲኢኢቲ ግን ፕላስቲክንና አንዳንድ ሰው ሠራሽ ጨርቅን ያቀልጣል፤ የመነጽር ክፈፍ፣ የሰዓት መስታወት፣ ውድ የዝናብ ጃኬት በእጅ ንክኪ ይበላሻል። ከላይ ያለውን ምክር ተከትሎ ሰው ሠራሽ ልብስ ለያዘ ሰው 20 በመቶ ፒካሪዲን ይሻላል። መጀመሪያ የፀሐይ ክሬሙ፣ እርሱ ሲደርቅ ትንኝ መከላከያው።

አጎበር ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። ቁንጭርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ በብዙ ታንሳለች፣ በተራ አጎበር ቀዳዳም ታልፋለች። በደረቅ አገር የሚያድር ሰው ቀዳዳው ደቃቅ የሆነውን ወይም በመድኃኒት የተነከረውን አጎበር ይምረጥ። ደቃቁ በሞቃት ዳርቻ አየር ያፍናል፤ ስለዚህ ለሁለቱም የሚሆነው የተነከረው ነው።

ሻንጣው ራሱ

ባለ ጎማ ድፍን ሻንጣ ከሆቴል ወደ ሆቴል በአስፋልት ለሚሄድ ሰው ነው። አሸዋ ላይ ጎማው አይሽከረከርም፤ ኩሽኔታው ውስጥ አሸዋና ጨው ከገባ ደግሞ ከዚያ በኋላም አይሽከረከርም። ሸራ መሰል ትልቅ የእጅ ከረጢት በመኪና ጣሪያና በጀልባ ላይ እንደፈለጉ ይጣላል፣ ረጅም መንገድ ግን አይሸከሙትም። የጀርባ ቦርሳ ሁሉን መካከለኛ አድርጎ ይችላል፤ ጀርባን በላብ ማራሱ ነውሩ ነው። ብዙውን መንገድ በመኪና ለምትሄዱ የእጅ ከረጢቱን፣ ለሌላው ሁሉ የጀርባ ቦርሳውን።

ከቦርሳው ዓይነት ይልቅ ውስጡ የሚገባው ነገር ይበልጣል። አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋ፣ ውኃ የማያስገባ ከረጢት ለባሕር ተብሎ የተሠራ ቢሆንም ደቃቅ አቧራንም ያስቀራል፤ በዚፕ የሚዘጋ ቦርሳ ይህን አያደርግም። ሦስት ትናንሽ ከአንድ ትልቅ ይሻላሉ፦ ደረቅ ልብስ፣ መኝታ፣ ኤሌክትሮኒክስ። ለሁለቱም ስፍራ እኩል የሚጠቅም አንድ ዕቃ ጥራ ብባል ይህንን እጠራለሁ።

ስልክ፣ ካሜራ፣ ኃይል

አይፒ67 የተጻፈበት ስልክ አቧራ አያስገባም፣ በአንድ ሜትር ውኃም ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ምርመራው የሚደረገው ግን በንጹሕ ውኃ ነው። ባሕር የነካውን ስልክ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት፣ የባትሪ መሙያ ቀዳዳው በደንብ ሳይደርቅም አትሰኩት። ብዙ አምራቾች ስልካቸው ከ35 ዲግሪ በማይበልጥ አየር እንዲሠራ ይመክራሉ፤ በበረሃ ቀን ይህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሊታለፍ ይችላል። ካርታውን በስልክ ብቻ የያዘ ሰው ስልኩ በሙቀት ሲጠፋ መንገዱም ይጠፋበታል። ለበረሃ የወረቀት ካርታ፣ ለዳርቻ ውኃ የማያስገባ የስልክ ከረጢት።

ፓወር ባንክ ወይስ የፀሐይ ፓነል? ጉም የሚወርድበት ዳርቻ ላይ ፓነሉ ዕዳ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ለብዙ ቀን በሚርቅ የበረሃ ጉዞ ብቻ ክብደቱን ይመልሳል። ፓወር ባንክ በአውሮፕላን የሚሄደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ሲሆን፣ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓቱ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚሆን ያልፋል። ባለ 30,000ው 111 ይደርሳል፤ እርሱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ካሜራ ያለው ሰው በበረሃ አቧራ ውስጥ ሌንስ መቀያየር ስለማይችል፣ ከሁለት ሦስት ሌንስ ይልቅ ከሰፊ እስከ ቅርብ የሚያሳይ አንድ ሌንስ ገጥሞ ይተወው። በዳርቻ ችግሩ ሌላ ነው። ማቀዝቀዣ ካለበት ክፍል ድንገት ወደ እርጥቡ አየር ሲወጣ ጤዛ ይይዘዋል። ክፍሉ ውስጥ ሳለ በላስቲክ አሽጎ ማውጣትና ውጭ እስኪሞቅ አለመክፈት በቂ ነው።

መድኃኒት

የብዙ መድኃኒቶች ማስቀመጫ ወሰን 25 ወይም 30 ዲግሪ ነው፤ የቆመ መኪና ውስጡ ከዚህ እጅግ ያልፋል። ኢንሱሊን የሚይዝ ሰው በውኃ ተነክሮ በትነት የሚያቀዘቅዘውን ከረጢት ይመርጣል፤ በበረሃ ጥሩ ይሠራል፣ በእርጥብ ዳርቻ ግን ይደክማል። ለዳርቻው በረዶ ጥቅል ያለው ሣጥን ያስፈልጋል። ኢንሱሊኑ በረዶውን በቀጥታ አይንካ፤ ከቀዘቀዘና ከረጋ ይጣላል።

የትኛው ይቅደም?

መንገዱን የመምረጥ ነፃነት ካላችሁ በረሃውን አስቀድሙ። ደረቅ አሸዋ ሲራገፍ ይወርዳል፣ ጨው ግን የሚወጣው በውኃ ነው፤ በበረሃ ደግሞ ለዕቃ ማጠቢያ የሚተርፍ ውኃ የለም። ጨው የጠጣ ገመድ፣ ዚፕና ጫማ ይዞ አቧራ ውስጥ የገባ ሰው ሁለቱን አብሮ ያቦካቸዋል። መንገዱ የግድ ከዳርቻ የሚጀምር ከሆነ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ያለውን ቀን ለማጠብና ለማድረቅ መድቡ፤ መኝታውን፣ ሰንደሉን፣ የቦርሳውን መቆለፊያዎች፣ የቢላውን ማጠፊያ ሳይቀር።

ከበረሃ ወደ ዳርቻ ስትወርዱ ደግሞ ዚፖቹን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ አጽዷቸው። በውኃ ማጠብ የሚመጣው አሸዋው ከረገፈ በኋላ ነው።